አምስት ፓውንድ ያልተገኘለት ሞተር

ጄት አይሮፕላን በአገራችን ሰማይ ላይ ማስተጋባት ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አየር ኃይል ኤፍ 86 ሴበር የተባሉትን ተዋጊ ጄቶች በ1960 ተረከበ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1962 መጨረሻ ቦይንግ 720 የተባሉትን የመንገደኛ ጄቶች አስመጣ፤ በ1966 ደግሞ ከድምፅ የሚፈጥነው ኤፍ 5 ያን ጊዜ ደብረ ዘይት ትባል ወደ ነበረችው ወደ ቢሾፍቱ መጣ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) ከዚያን ጊዜ ወዲህ ጄት አብርሮ የተመሰገነ፥ የጄት ሞተር ፈትቶ የገጠመ ኢትዮጵያዊ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ይህን ሞተር መጀመሪያ ማን አሰበው፥ ሲወለድስ ምን ሕመም ነበረበት፥ ሕመሙስ እንዴት ታወቀ ተብለን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን መልስ የሚያጥረን ይመስለናል።

ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን የሰር ፍራንክ ዊትልን የሕይወት ታሪክ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ይህን ሰው የመረጥነው የፈለሰፈው ነገር ትልቅ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። ዊትል ሐሳቡን ባፈለቀ ጊዜ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣትና ማዕርጉ ከታችኛው ደረጃ ላይ የነበረ የመንግሥት መኰንን ነበር። ሐሳቡን ያቀረበውም ለራሱ መሥሪያ ቤት ነው፤ መሥሪያ ቤቱም ፋይል ከፍቶ፥ ሊቅ አማክሮ፥ በትሕትና ጽፎ መለሰው። በትምህርት ላይ ያላችሁም ሆናችሁ አዲስ ሥራ የያዛችሁ ወጣቶች ይህን ታሪክ ከሁለቱም ወገን ሆናችሁ ብታነቡት መልካም ነው፤ አንድ ቀን ሐሳብ አቅራቢ፥ አንድ ቀን ደግሞ የሌላውን ሐሳብ መርማሪ መሆናችሁ አይቀርምና።

ፍራንክ ዊትል ጁን 1 ቀን 1907 በእንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ በምትባለው የፋብሪካ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሞዝስ ዊትል እጁ የሠለጠነ መካኒክ ነበር። ልጁ በዘጠኝ ዓመቱ ገደማ ሳለ ቤተ ሰቡ ሌሚንግተን ወደምትባል ከተማ ተዛወረ፤ በዚያም አባቱ የሞተር ቫልቭና የፒስተን ቀለበት የሚሠራበት አንድ ትንሽ ፋብሪካ ገዛ። ፍራንክ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አባቱን እየረዳ ከብረት ሥራ ጋር የተዋወቀው በዚህ ነው። በተረፈው ጊዜ ደግሞ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ መምህሮቹ ያላዘዙትን መጽሐፍ ያነብ ነበር፤ ስለ ሞተር፥ ስለ ተርባይን፥ ስለ በረራ።

በጃንዋሪ 1923፥ ገና በአሥራ አምስት ዓመቱ፥ የአየር ኃይል ተለማማጅ መካኒክ ለመሆን ሃልተን ወደተባለው ትምህርት ቤት ሄደ። የጽሑፉን ፈተና አለፈ፤ የሐኪሙን ግን ወደቀ። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሃምሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ፥ ደረቱም ጠባብ ነበርና አሰናበቱት። አንድ የስፖርት አስተማሪ ግን አዝኖለት የሰውነት ማጠንከሪያ ልምምድና የምግብ ዝርዝር ሰጠው። ልጁም ይህን ለወራት ሳያቋርጥ ፈጸመ፤ ቁመቱም ደረቱም ጨመረ። ተመልሶ ሲያመለክት አንድ ጊዜ የወደቀ ዳግመኛ አይታይም ተባለ። ዊትል በዚህ አልቆመም። እንደ አዲስ አመልካች ሆኖ ወረቀቱን ከመጀመሪያው ሞላ፥ ፈተናውን ሁሉ እንደገና ተፈተነ፥ በዚያው ዓመት ክራንዌል በሚባለው የአየር ኃይል ሰፈር በተለማማጅነት ተቀበሉት። ደንብ አፍርሷል ብሎ የሚወቅሰው ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኛ ግን ያ ደንብ እንደ ተጻፈው ተፈጽሞበት ቢሆን ኖሮ ምን ሊቀር እንደ ነበር እናስባለን።

በክራንዌል ከተለማማጆቹ ትምህርት ቤት ሌላ የመኰንኖች ኮሌጅም ነበረ። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚሻገሩት ጥቂቶች ብቻ ሲሆኑ ዊትል በ1926 ከነዚህ አንዱ ሆነ። በኮሌጁ አብራሪነትን ተማረ፤ በ1928 ሲመረቅም ስለ አይሮፕላን ሥራ የወደ ፊት ዕድል አንድ ድርሰት አቀረበ። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ተዋጊ አይሮፕላን በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ያህል ቢበር ትልቅ ነገር ነበር። የሃያ አንድ ዓመቱ ተማሪ ግን ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሄድ አይሮፕላን ይጽፍ ነበር።

አስተሳሰቡ ቀላል ነው። አይሮፕላን ፈጥኖ ሩቅ እንዲሄድ ከተፈለገ አየሩ ወደ ሳሳበት ከፍታ መውጣት አለበት፤ አየሩ ሲሳሳ የሚያግደው ነገር ያንሳልና። ነገር ግን የፒስተን ሞተርና ፕሮፔለር አየሩ በሳሳበት ቦታ ይደክማሉ። በደብረ ብርሃን ደጋ መኪና ሲነዳ የከረመ ሰው ወደ ቆላ ሲወርድ የመኪናው ጕልበት ሲጨምር ያስተውላል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። እንግዲህ የሚፈለገው በሳሳ አየር ውስጥ የማይደክም ሌላ ዓይነት ሞተር ነበር።

መልሱ ለዊትል የታየው በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1929፥ የበረራ አስተማሪ ለመሆን ሲሠለጥን ሳለ ነው። ነገሩን ለመረዳት የባለ እጅን ወናፍ እንመልከት። ወናፉ አየር ይገፋል፤ አየሩ ፍሙን ያቀጣጥላል፤ እሳቱም ይበረታል። አሁን እሳቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቢነድና የጋለው ጋዝ ሲወጣ አንዲት መዘውር እያዞረ ቢያልፍ፥ ያችም መዘውር መልሳ ወናፉን ብታንቀሳቅሰው፥ ወናፉን የሚነፋ ሰው አያስፈልግም ማለት ነው። ከዚህ የተረፈው ጋዝ በኋላ በኩል በኃይል ሲወረወር አይሮፕላኑን ወደ ፊት ይገፋዋል። የጄት ሞተር ጠቅላላ ምስጢር ይህ ነው። ወናፉ ኮምፕሬሰር ይባላል፤ መዘውሯም ተርባይን ትባላለች። ፕሮፔለር የለ፥ ፒስተን የለ፤ የሚዞረው አንድ ዘንግ ብቻ ነው።

ዊትል ሐሳቡን ለአለቆቹ ነገረ፤ አለቆቹም ወደ አየር ሚኒስቴር መሩት። ሚኒስቴሩ ጉዳዩን ያሳየው ለዶክተር አለን አርኖልድ ግሪፊዝ ነው። ግሪፊዝ ተራ ሰው አልነበረም። በተርባይን ጥናት በአገሩ ተወዳዳሪ የሌለው ሊቅ ነበር፤ ራሱም ተርባይን ፕሮፔለር እንዲያዞር ለማድረግ ያስብ ነበር። የወጣቱን ስሌት መርምሮ ስሕተት አገኘበት፤ ስሕተቱም እውነተኛ ስሕተት ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው ብረትም ያን ያህል ሙቀትና ያን ያህል ፍጥነት ችሎ የሚቈይ አይመስልም ነበር። በዚህም ምክንያት ሚኒስቴሩ ሐሳቡ በሥራ ላይ ሊውል የማይችል መሆኑን ለዊትል ገለጸለት።

ዊትል በአንድ ጓደኛው ምክር የፈጠራ መብቱን ለማስመዝገብ በጃንዋሪ 1930 አመለከተ። ሚኒስቴሩ ነገሩን ከቁም ነገር ስላልቈጠረው በምስጢር እንዲያዝ እንኳ አላደረገም፤ ስለዚህ መብቱ ተመዝግቦ ሲወጣ ሥዕሉንና ማብራሪያውን የማንኛውም አገር ሰው ሊያነበው የሚችል ሆነ። በ1935 መጀመሪያ የማሳደሻው ጊዜ ደረሰ። ክፍያው አምስት ፓውንድ ነበር። ዊትል ሚስትና ልጆች ያሉት፥ በደመወዙ ብቻ የሚኖር መኰንን ስለ ነበረ ይህን ገንዘብ ለማውጣት አልቻለም፤ ሚኒስቴሩም ከመንግሥት ገንዘብ አልከፍልም አለ። በዚህ ሁኔታ የጄት ሞተር የፈጠራ መብት በአምስት ፓውንድ ምክንያት ወደቀ።

በዚያን ጊዜ ዊትል በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። አየር ኃይሉ በምሕንድስና ኮርስ ያሳየውን ብልጫ ተመልክቶ ወደዚያ የላከው ራሱ ነውና መሥሪያ ቤቱን በሁሉም ነገር መውቀስ አይገባም። በ1936 በከፍተኛ ማዕርግ ተመረቀ። በዚሁ ጊዜ ሁለት የቀድሞ የአየር ኃይል ባልደረቦቹ አግኝተውት ገንዘብ እናፈላልግ አሉት፤ አንድ የባንክ ድርጅትም በመነሻ ሁለት ሺህ ፓውንድ ሰጠ፤ ፓወር ጄትስ የተባለው ኩባንያ ተቋቋመ። ዊትል የመንግሥት መኰንን ስለ ሆነ በኩባንያው ሥራ ላይ በሳምንት ከስድስት ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ተወሰነበት። ዓለምን የለወጠው ሞተር መጀመሪያ የተፈቀደለት ጊዜ ይህን ያህል ነበር።

ሞተሩ የተሠራው ራግቢ በምትባል ከተማ በአንድ የተርባይን ፋብሪካ ውስጥ ነው። ዊትል ያቀደው ኮምፕሬሰር አየሩን ከአራት እጥፍ ግፊት ላይ እንዲያደርስ ሲሆን በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ የተሻለው የዚህ ዓይነት ኮምፕሬሰር ከሁለት ተኩል እጥፍ ብዙም አያልፍም ነበር። ዘንጉ በደቂቃ 17,750 ጊዜ እንዲዞር ታስቦ ነበር። ኤፕሪል 12 ቀን 1937 ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣ። ዊትል የነዳጁን መክፈቻ በጥንቃቄ ሲከፍት ሞተሩ ፍጥነት ጨመረ፤ ጩኸቱም እንደ ሳይረን ከፍ እያለ ሄደ። መክፈቻውን ዘጋው፤ ሞተሩ ግን ነዳጅ ተከልክሎ እንኳ ይፈጥን ጀመር። የፋብሪካው ሰዎች ሞተሩ ሊፈነዳ ነው ብለው ሸሹ። ዊትል ብቻ መክፈቻውን እንደ ያዘ ቀረ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ሞተሩ በራሱ ጊዜ በረደ።

ነዳጅ የተዘጋበት ሞተር ከየት አገኝቶ ነደደ? ዊትልና ረዳቶቹ ሞተሩን ፈትተው ፈለጉ። ምክንያቱ ተገኘ፤ ከመነሣቱ በፊት የነዳጁን ፓምፕ ሲሞክሩ ነዳጅ ሾልኮ በማቃጠያው ክፍል ታች ተጠራቅሞ ነበርና ያ እስኪያልቅ ድረስ መንደዱን ቀጠለ። የተጠራቀመው ነዳጅ የሚወጣበት ቀዳዳ ተሠራለት፤ ሕመሙም ተወገደ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የዊትል የሥራ ጠባይ ሁሉ በዚህ ይታያል። አንድ ነገር ሲበላሽ ሞተሩ መጥፎ ነው ብሎ አይደመድምም፤ የተበላሸው የትኛው ክፍል ነው፥ ከመበላሸቱ በፊት ምን ታየ፥ ምን ተሰማ፥ መለኪያው ስንት አነበበ እያለ ይጠይቃል።

ከዚህ በኋላ የነበሩት ዓመቶች ሞተር መሥራት፥ መስበርና የሰባራውን ምክንያት መፈለግ ነበሩ። ፋብሪካው አደጋውን ስለ ፈራ ሙከራው በ1938 ላተርወርዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ወደሚገኝ ባዶ የብረት ማቅለጫ ቤት ተዛወረ። አንዱ ቀን ተርባይኑ ይሰበራል፤ ሌላው ቀን ነዳጁ በትክክል አይነድም። ገንዘቡም ስለሚያንስ ያው አንድ ሞተር ተሰብሮ ተጠግኖ እንደገና ይሞከር ነበር። በጁን 1939 መጨረሻ የሚኒስቴሩ የሳይንስ ምርምር ኃላፊ ዶክተር ዴቪድ ፓይ ቦታው ድረስ መጥተው ሞተሩ በደቂቃ 16,000 ጊዜ እየዞረ ለሃያ ደቂቃ ሲሠራ አዩ። በወረቀት ያልታመነው ነገር በዓይን ሲታይ ታመነ። ሚኒስቴሩ ወዲያው ለበረራ የሚሆን ሞተርና እሱን የሚሸከም አይሮፕላን እንዲሠራ አዘዘ።

ነገር ግን የባከነው ጊዜ ዋጋ ነበረው። በጀርመን አገር ሃንስ ፎን ኦሃይን የተባለ ወጣት ሳይንቲስት የሃይንክል አይሮፕላን ፋብሪካ ሀብታም ጌታ ደግፎት የራሱን የጄት ሞተር ይሠራ ነበር። ሃይንክል 178 የተባለው አይሮፕላን ኦገስት 27 ቀን 1939፥ ጦርነቱ ሊፈነዳ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፥ በረረ። የእንግሊዙ ግሎስተር አይሮፕላን የዊትልን ሞተር ይዞ የተነሣው ሜይ 15 ቀን 1941 ነው፤ አብራሪው ጄሪ ሴየር፥ የበረራውም ጊዜ አሥራ ሰባት ደቂቃ ነበር። የተነሣበት ሜዳ ደግሞ ክራንዌል ነው፤ ዊትል በተለማማጅነት የገባበት ያው ክራንዌል።

ከዚህ በኋላ ሥራው ሁሉ የተቃና ይመስል ነበር፤ ግን ከሁሉ የከፋው ሕመም የተነሣው አሁን ነው። ለጦር አይሮፕላን የሚሆነው ትልቁ ሞተር፥ ደብልዩ 2ቢ የተባለው፥ ወደ ሙሉ ፍጥነቱ ሳይደርስ ይንቀጠቀጥና ያጓራ ጀመር። መሐንዲሶች ይህን ሕመም ሰርጅ ይሉታል፤ ቅርብ ዘመዱ ደግሞ የኮምፕሬሰር ስቶል ይባላል።

የዛሬውን ዓምድ የምናሰናዳው በሰሜን ሸዋ በአሊዩ አምባ ሆነን ነውና ምሳሌአችንን ከዚሁ እንወስዳለን። አሊዩ አምባ ከአንኮበር ሥር ወደ ቆላው ፊቷን አዙራ የተቀመጠች የጥንት ገበያ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ እዚህ ይሰፍር ነበር፤ ሸቀጡም ከዚህ ተጭኖ ወደ ንጉሡ ከተማ ይወጣ ነበር። መንገዱ አቀበት ነው። እንግዲህ የተጫኑ አህዮች በጠባቡ አቀበት ተከታትለው ሲወጡ እናስብ። ሁሉም በእኩል እርምጃ እስከ ሄዱ ድረስ ጭነቱ ሁሉ ላይ ይደርሳል። ነገር ግን አንዷ አህያ እግሯ ከድቷት ብትቆም ከኋላዋ ያሉት ይጋጫሉ፤ ገደሉ ያለ በመሆኑም ሰልፉ ሁሉ ወደ ታች ተመልሶ ይንሸራተታል። ነጋዴው አህዮቹን አሰልፎ እንደገና ቢነዳቸው፥ ደካማዋም ከዚያው ቦታ ስትደርስ ደግማ ብትቆም፥ ሰልፉ መውጣትና መመለስ ብቻ ይሆናል።

በኮምፕሬሰር ውስጥ ያለው አየርም እንደዚሁ ነው። አየሩ የሚገፋው ግፊት ወደ በዛበት ወገን ስለ ሆነ ሁልጊዜ አቀበት ይወጣል። የሚገፉት ብሌድ የሚባሉ ትናንሽ ክንፎች ናቸው። እያንዳንዱ ክንፍ እንደ አይሮፕላን ክንፍ አየሩን በትክክለኛ ማዕዘን ካገኘው ይገፋዋል፤ ማዕዘኑ ከመጠን ካለፈ ግን አየሩ ከክንፉ ጀርባ ይለያል፥ ክንፉም ኃይሉን ያጣል። ስቶል ማለት ይህ ነው። ብዙ ክንፎች አንድ ላይ ኃይል ሲያጡ የታመቀው አየር ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ግፊቱ ሲቀልለት ደግሞ እንደገና ወደ ውስጥ ይገባል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲመላለስ እንደ መድፍ የሚጮኽ ድምፅ ይሰማል፤ አንዳንድ ጊዜም ነበልባል በፊት በኩል ይወጣል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የኮምፕሬሰርና የተርባይን ክንፎች በስቶል ውስጥ ሆነው እንደሚሠሩና ቅርጻቸው እንደ አይሮፕላን ክንፍ መሆን እንዳለበት በ1926 ጽፎ ያስረዳው ያው ዶክተር ግሪፊዝ ነው። ሕመሙን ከማንም አስቀድሞ ያወቀ ሊቅ በሽተኛው ሲመጣለት ግን አይድንም ብሎ መለሰው። ዕውቀቱ አልጐደለም፤ የጐደለው አነስተኛ ሙከራ ተደርጎ ይታይ የማለት ፈቃድ ነው።

የሞተርን ሰርጅ ለማወቅ ሞተሩ በመፈተኛው ቤት በጠንካራ ብረት ታስሮ ይነሣል። የመግፋት ኃይሉ፥ የዘንጉ ፍጥነት፥ በየክፍሉ ያለው ግፊትና የጋዙ ሙቀት ይለካል። ፍጥነቱ ሲወርድ የጋዙ ሙቀት ሽቅብ ከወጣ አየሩ አንሷል፥ ነዳጁ ግን እንደ ነበረ ነው ማለት ነው፤ ቶሎ ካልተዘጋ ተርባይኑ ይቃጠላል። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። አብራሪው ነዳጁን በድንገት ከፍቶት ይሆናል፤ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ተጣምሞ ይሆናል፤ ወፍ ወይም ጠጠር ክንፎቹን ጐድቷቸው ይሆናል፤ አለዚያም ንድፉ ራሱ የተሳሳተ ይሆናል። ጥሩ መርማሪ አንዱን ብቻ ለውጦ ይፈትናል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከለወጠ የትኛው እንዳዳነው አያውቅምና። ዊትልና ባልደረቦቹ ከመዘውሩ የሚወጣውን አየር የሚቀበሉትን መተላለፊያዎች ቅርጽና ቍጥር እየለዋወጡ ደጋግመው ፈተኑ፤ በዚህም መንገድ ሕመሙን እያሸነፉት ሄዱ።

ሥራውን የከበደው ግን የአየሩ ሁኔታ ብቻ አልነበረም። ሚኒስቴሩ ሞተሩን በብዛት እንዲሠራ ያዘዘው ሮቨር የተባለውን የመኪና ፋብሪካ ነበር፤ ዊትልና የሮቨር ሰዎችም ሊስማሙ አልቻሉም። እነዚያ ንድፉን በራሳቸው ሐሳብ ለወጡ፤ እሱም ተቈጣ፤ ወራቱ በደብዳቤ መጻጻፍ አለቀ። ዊትል ሌሊት ይሠራ፥ ሲጋራ ያበዛ፥ ለመንቃትና ለመተኛት በመድኃኒት ይረዳ ነበር፤ በመጨረሻም ጤናው ተናግቶ ከአንድ ጊዜ በላይ ሐኪም ቤት ገባ። ጉዳዩ የተፈታው ሮልስ ሮይስ በ1943 መጀመሪያ የጄቱን ሥራ ከሮቨር ሲረከብና በምትኩ የታንክ ሞተር ሥራ ሲሰጠው ነው። ከዚያ በኋላ ሥራው ተፋጠነ፤ በጁላይ 1944 ሜቴዎር የተባለው ጄት ወደ እንግሊዝ አየር ኃይል ገባና ጀርመኖች ወደ ለንደን የሚወረውሩትን አብራሪ የሌለው በራሪ ቦምብ ለማሳደድ ተሰማራ። አስቀድሞ በ1941 አንዱ የዊትል ሞተር ወደ አሜሪካ ተልኮ ለጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ተሰጥቶ ነበር፤ የኋላው የአሜሪካ ጄት ሥራ ትልቅ ክፍል ከዚያ ተነሣ።

አሁን የቀረው የመጨረሻው ነገር ነበልባሉ ነው። በጄት ሞተር ውስጥ ከሚያልፈው አየር ኦክስጅን የሚቃጠለው ሩቡ ያህል ብቻ ነው፤ የተረፈው ተርባይኑን አልፎ ይወጣል። እንግዲህ ከተርባይኑ በኋላ ባለው ቱቦ እንደገና ነዳጅ ቢረጭ እሳቱ ዳግመኛ ይነሣል፥ የመግፋት ኃይሉም ይጨምራል። እንግሊዞች ሪሂት፥ አሜሪካውያን አፍተርበርነር ይሉታል። በ1944 መጨረሻ አንድ ሜቴዎር ይህን መሣሪያ ይዞ በአየር ላይ ተፈተነ፤ በ1945 አጋማሽ ደግሞ የዊትል ደብልዩ 2/700 ሞተር ከነነበልባሉ በምድር ላይ ተሞከረ። ይህኛው ሞተር የታሰበው ማይልስ ኤም 52 ለተባለ ከድምፅ ለሚፈጥን አይሮፕላን ነበር።

ነበልባሉ ያለ ጣጣ አይመጣም። ከኋላ እሳት ሲነሣ ጋዙ ይሰፋል፤ የመውጫው አፍ በዚያው ቅጽበት ካልሰፋለት ግፊቱ ወደ ፊት ይመለስና ኮምፕሬሰሩን ያፍነዋል፤ ያ ቀድሞ የተነጋገርንበት ስቶል እንደገና ይመጣል። ስለዚህ አፍተርበርነር የሚፈትን መሐንዲስ የኋላውን እሳት ሲያቀጣጥል ጆሮው የፊተኛው ክፍል ላይ ነው። ወደ አገራችን የመጣው ኤፍ 5 በእያንዳንዱ ሞተሩ ያለ ነበልባል 1,230 ኪሎ ያህል፥ በነበልባል ደግሞ 1,850 ኪሎ ያህል የመግፋት ኃይል ነበረው። ኃይሉ በግማሽ ሲጨምር የነዳጁ ወጪ ግን በብዙ እጥፍ ይጨምራልና አብራሪው የሚጠቀምበት ለመነሣትና በጭንቅ ጊዜ ነው።

የኤም 52 አይሮፕላን ሥራ ሊያልቅ ሲቃረብ መንግሥት በፌብሩዋሪ 1946 ሰረዘው። ከዚያ በፊት በ1944 ፓወር ጄትስ በመንግሥት ተወርሶ ነበር። የጄት ሥራ ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሐሳብ ያቀረበው ዊትል ራሱ ነው፤ ድርሻውንም በፈቃዱ ለመንግሥት አስረክቧል። መንግሥት ግን ትልልቆቹን ፋብሪካዎች ሳይነካ የእሱን ብቻ ወሰደ፤ በ135,500 ፓውንድ። ኩባንያው የምርምር ድርጅት እንጂ ሞተር ሠሪ እንዳይሆን ሲወሰን ዊትል በጃንዋሪ 1946 ሥራውን ለቀቀ። በ1948 ከአየር ኃይል በጡረታ ወጣ፤ በዚያው ዓመት የሰርነት ማዕርግ ተሰጠው፤ ለፈጣሪዎች ሽልማት የሚወስነው ኮሚሽንም 100,000 ፓውንድ ሸለመው። በ1935 አምስት ፓውንድ የከለከለ መንግሥት በአሥራ ሦስተኛው ዓመት መቶ ሺህ ከፈለ።

ዊትል በኋለኛው ዕድሜው አሜሪካ ሄዶ ኖረ፤ በዚያም በባሕር ኃይል አካዳሚ የምርምር ሥራ ያዘ። የቀድሞ ተወዳዳሪው ፎን ኦሃይንም አሜሪካ ይኖር ነበርና ሁለቱ ሽማግሌዎች ተዋውቀው ወዳጆች ሆኑ፤ በ1991 የድሬፐርን ታላቅ የምሕንድስና ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ሰር ፍራንክ ዊትል ኦገስት 9 ቀን 1996 በሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ አረፈ፤ አመዱም ወደ ክራንዌል ተወስዶ በዚያው በቤተ ክርስቲያኑ ተቀመጠ።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ሊቅ አይጠየቅ፥ ፋይል አይከፈት አንልም። የዊትል ስሌት ስሕተት ነበረበት፤ ያንን ማሳየት የመርማሪው ግዴታ ነበር። ነገር ግን ስሌቱ ተሳስቷል ማለትና ነገሩ አይሆንም ማለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የመጀመሪያው ቃል ሰውየውን ወደ ሥራው ይመልሰዋል፤ ሁለተኛው ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። የአየር ሚኒስቴሩ ሹም የጻፈው ሁለተኛውን ነው፤ የጻፈውም በክፋት ሳይሆን መዝገቡን ለመዝጋት ስለሚያመች ነው። በየመሥሪያ ቤታችን ወረቀት የሚቀርብላችሁ ወጣቶች ብዕር ስታነሡ ከሁለቱ የትኛውን እንደምትጽፉ አስተውሉ። ሐሳብ ይዛችሁ የምትቀርቡትም ዊትል የሠራውን አትርሱ፤ አይሆንም የተባለውን ነገር የመለሰው በክርክር ሳይሆን ሞተሩን አስነሥቶ፥ ሲሰበርም ምክንያቱን ፈልጎ በማሳየት ነው።